የዓሣው ጭንቅላት ምን አለ?

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዓሣ ሲበልቱ ጭንቅላቱን እንዲሁ አይጥሉትም፤ ሰንጥቀው አንጎሉን ያዩና «ሱብሃነላህ! አላህ እንደሠራት አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሠራት ነው የቸገረኝ» ይሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማጠናው ይህንኑ ነው። ባለፈው ክረምት ከሚቀመጡባት ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ዓሣ ገና እንቁላል ውስጥ እያለ አንጎሉ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዙ ዘረመሎች እንዳሉ፣ ብዙዎቹም እኛ ውስጥ እንደሚገኙ ነገርኳቸው። አምባዛ የሚበልቱበትን ቢላዋ አስቀመጡ።

«እኔና አምባዛው በአንድ ትእዛዝ?»

«አጀማመሩ በጣም ይመሳሰላል፣ አባዬ።»

«ታዲያ እሱ አምባዛ ሆኖ ሲቀር እኔ እንዴት ሰው ሆንኩ?»

መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር። «ረጅም ነው፤ ስመለስ እጨርስልዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳንባባል «የዓሣው ጭንቅላት ምን አለ?» ይሉኛል። እኔም «ስመጣ» እላለሁ።

የመጣሁት ለለቅሷቸው ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጓደኞቻቸው መረብ ይጠግናሉ፤ የእሳቸው ድንጋይ ባዶ ነው።

አንዱ ሽማግሌ ቀና ብለው «አያትሽ እስከ አምባዛው ድረስ ነግሮናል» አሉኝ። «የቀረውን እሷ ስትመጣ ትጨርስላችኋለች ብሎናል።»

ሁሉም መረባቸውን አስቀመጡና ድንጋዩን አሳዩኝ። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩና ወደ ድንጋዩ ዞርኩ።

«ትእዛዙ ብዙው አንድ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ልዩነቱ፣ የቱ መቼ እንደሚታዘዝ ነው።»

«መቼ» የምትለዋን ቃል ለባዶው ድንጋይ ደገምኩለት።