በሕግ አምላክ ብለን ያስቆምነው መንገደኛ

ይህ ነገር የደረሰው ጎባ ገና ጦር ሰፈር እንጂ ከተማ ባልተባለችበት ዘመን፣ እኔም ሃያ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ነው። ዛሬ አርጅቻለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጠበቃነት፣ ዳኛ ፊት ቆሜ ነው። ካባ የደረበ ዳኛ አይቻለሁ፣ እንቅልፍ የሚጥለውንም አይቻለሁ፣ ነገሩ ሳይጀመር የሚፈርደውንማ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ቀን መንገድ ዳር ያገኘሁትን ዳኛ የሚያህል ግን አላየሁም። ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ይደንቀኛል።

አባቴ ከሸዋ ጦር ጋር ወደ ባሌ የመጣ ወታደር ነበር። ከጎባ ወደ ሲናና በሚወርደው መንገድ ዳር በደመወዝ ፈንታ ማደሪያ መሬት ተሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይበት ታሞ ሞተ። እናቴና እኔ ቀረን። መሬቱ ጥሩ ገብስ ይሰጣል። ዋናው ሀብቱ ግን ከትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ነበረች። በበጋ በዚያ ወገን ሌላ ውሃ የለም። ምንጯን ያጣ ሰው ከብት ሊያረባ ቀርቶ ሊጥ የሚያቦካበትም አያገኝም፤ ጓዙን ጠቅልሎ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም።

ጎረቤታችን ባሻ ድልነሴ የሚባሉ ከአባቴ ጋር የዘመቱ ሰው ነበሩ። ምላሳቸው ከጎራዴያቸው ይበልጥ ይፈራ ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ እንስራዋን ባዶ ይዛ ተመለሰች። ባሻ ከምንጯ ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ አዲስ ችካል ተክለዋል። ሎሌያቸውም "ውሃው የጌታዬ ነው" ብሎ መልሷታል።

ሮጬ ሄጄ ችካሎቹን ነቀልኳቸው። ባሻ እየተሳደቡ መጡ። እኔም የኩታቸውን ጫፍ ያዝኩና ከእኔ ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርኩት። ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ከተቋጠሩ በኋላ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ መለያየት ነውር ነበር። የፈታ ሰው እንደተረታ ይቆጠራል።

ባሻ ወደ ጎባ ችሎት ከእኔ ጋር ተጣብቀው መሄዱን ጠሉት። ለሰልፍ የሚቆም ሰው ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተቋጥሮ ሲጎተት ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው ነው። ስለዚህ "መንገደኛ ይዳኘን" አሉ። ይህም የዘመኑ ልማድ ነው። በመንገድ የሚያልፍን ማንንም ሰው "በሕግ አምላክ" ብለህ ካስቆምከው ነገርህን ሳይሰማ ማለፍ አይችልም።

"በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሚያልፈው ሰው በፈረደው እናድራለን" ብለን ሁለታችንም ንጉሥ ይሙት ብለን ማልን። እውነቱን ልናገር፤ ባሻ እንዲያ የደፈሩት የጎባ ገበያ ቀን ስለነበረ ነው። ጓደኞቻቸው ወታደሮች በዚያ መንገድ ይመላለሳሉ። እኔ ደግሞ የነፍስ አባታችን መምሬ በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን እንደሚመለሱ አውቅ ነበር። ሁለታችንም ዓይናችንን መንገዱ ላይ ተክለን ወዳጃችንን እንጠብቃለን። የፍርድ ነገር በማናችንም ልብ አልነበረም።

መጀመሪያ ብቅ ያለው ግን ወታደርም ቄስም አልነበረም። ከሃረና ቡና የጫኑ ሦስት በቅሎዎች የሚነዳ ነጭ ጥምጥም ያሰረ የአገሩ ሰው ነው። ወደ ጊኒር የሚሄድ ነጋዴ መሆኑ ያስታውቃል። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል።

ባሻ ፊታቸውን አዞሩ። "ይሄ አይቆጠርም" አሉ። እኔም አልተቃወምኳቸውም። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ እንዲያልፍልን ነበር የፈለግሁት። እሱም ማንን እንደምንጠብቅ ሳያውቅ "ነጋ ጅርቱ?" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶን ሊያልፍ ነው።

እናቴ ባዶ እንስራዋን ታቅፋ ዳር ቆማ ነበር። "የማላችሁት ሰው ብላችሁ ነው" አለች። "ይሄ ሰው አይደለም ወይ?" መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ መንገዱ ዞራ ጮኸች።

"አንተ ሰውዬ፣ በሕግ አምላክ ቁም!"

ሰውየው እግሩን ሊያነሳ ሲል ባለበት ቀረ። አንገቱን አዙሮ መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ የኮሶውን ዛፍ አየ። ዛፉን ሲያይ ቆየ።

"ዳኘን" አልኩት። ባሻን እርስዎ እያልኩ እሱን አንተ ነበር የምለው።

"እኔ?" አለ። "አማርኛ ትንሽ ነው የማውቀው። ዳኝነትም የናንተ ነው።"

"በሕግ አምላክ ተብለሃል" አለች እናቴ።

ትንሽ አሰበና በቅሎዎቹን አሰረ። "ቢስሚላህ" ብሎ ከዛፉ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠና "ታኣ፣ ተቀመጡ" አለን። በእኛ ደንብ ተሟጋች ቆሞ ነው የሚከራከረው፤ ባሻ ደግሞ ከጭሰኛ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ሰውየው ግን ቀና ብሎ እያያቸው ጠበቀ። እኔ ተቀመጥኩ፤ ኩታችን የተቋጠረ ነውና እሳቸውም ሳይወዱ በግድ ተቀመጡ።

ከዚያ እርጥብ ሣር ነጨና ለሁለታችንም አስያዘን። "እኛ አገር ሰው ሣር ይዞ አይዋሽም" አለ። "አንዱ ሲናገር አንዱ አይናገርም። ዱጋ፣ እውነት ብቻ።"

ባሻ ጀመሩ። ልማዳቸው ነውና ጥቂት እንደተናገሩ ብድግ ብለው ኩታቸውን ሊወረውሩ ሲሉ እኔም አብሬ ተጎትቼ ተነሳሁ። እናቴ ሳቀች። ሰውየው አልሳቀም። በእጁ ምልክት መልሶ አስቀመጠንና እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። አንዴም አላቋረጣቸውም። ሰው ሳያቋርጣቸው መናገር ያልለመዱት ባሻ ነገራቸው ቶሎ አለቀባቸው።

ተራው የኔ ሆነ። ምንጩ ሙሉ በሙሉ የኛ ነው፣ አባቴ ድንበሩን በጣቱ አሳይቶኛል ልል በደንብ ተዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ግን አስቀድሞ ጠየቀኝ።

"አባትህ ድንበሩ የት ነው አለህ?"

ሣሩ እጄ ላይ ነው። በእኛ እምነት ሣር ምንም ማለት አይደለም። ዓይኑን ሳየው ግን ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት።

"አልነገረኝም" አልኩ። "አላውቀውም።"

ወደ ባሻ ዞረ። "እርስዎስ፣ ችካሉን እዚያ ምን አይተው ተከሉ?" ባሻ በእጃቸው ያለውን ሣር ጎንበስ ብለው አዩት።

ሰውየው ተነሳና ከምንጩ ወደ ላይ ጥቂት እርምጃ ሄደ። ወዲያ ወዲህ አላለም። ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦውን ገልጦ እንደ ሽበት ነጭ ሻጋታ የወረሰው ረጅም ድንጋይ አሳየን። ወደ ታችም ወረደና ሣር የዋጠው ሌላ ድንጋይ አወጣ። ከዓመት ዓመት ያን ስንረግጥ እኔም ባሻም አላየነውም።

"ድንበሩ ከዚህ ድንጋይ እዚያ ድንጋይ ነው" አለ። "ምንጩ መሃል ነው። ለሁለታችሁም ነው። ማንም እንዳያጥረው። የመንገደኛ ከብትም ይጠጣ።"

ፍርዱ ይኸው ነበር። ባሻ አሸነፍኩ ብለው እንዳይፎክሩ ግማሹን አጥተዋል፤ እኔም ሙሉውን እፈልግ ነበርና ደስ አላለኝም። እናቴ ግን እንስራዋን አንስታ ወደ ውሃው ሄደች።

"ድንበሩን በምን አወቅህ?" አሉት ባሻ።

"አውቀዋለሁ" አለ።

ለዳኛ ማር መስጠት ደንብ ነውና ከቤት ላምጣልህ አልኩት። አልፈልግም አለ። "ከውሃው ልጠጣ" ብቻ አለን። እንደ ዳኛ የፈረደልን ሰው ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ጠየቀን። ምንጩ ላይ ተንበርክኮ መጀመሪያ የወደቀውን ቅጠል በእጁ እየጠረገ አወጣ። ከዚያ በመዳፉ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ መዳፉንም ዛፉ ግንድ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆመ። ደክሞት ነው ብለን ነበር። በቅሎዎቹን ፈቶ መንገዱን ቀጠለ።

ቋጠሮውን የፈቱት ባሻ ናቸው። "ስንት ዳኛ ፊት ቆሜአለሁ" አሉኝ፤ "እንዲህ አድርጎ የሰማኝ የለም።" ችካሎቹን በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ።

በሳምንቱ ይህንኑ ታሪክ መሬታችንን ለሚያርሱት ለሽማግሌው ለአባ ቡልቻ አወራኋቸው። ድንጋዮቹ ጋ ስደርስ ሞፈራቸውን አስቀመጡ። የሰውየውን መልክ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ከድር ነው" አሉ። "ያን ድንጋይ የተከለው አባቱ ነው። እዚህ ተወለደ። እትብቱ የተቀበረው ከዚያ ኮሶ ሥር ነው። ጦሩ ሲመጣ አባቱ ሞተ፤ እሱም እናቱን ይዞ ጊኒር ገባ።"

እርሻው ላይ ቁጭ አልኩ። የገዛ አባቱን ርስት የያዙ ሁለት ሰዎች በርስቱ ተጣልተው ዳኘን ብለውታል። እሱም ተቀምጦ፣ ቂም ሳይዝ፣ ፊቱን ሳያጠቁር፣ ለአንዱ ሳያዳላ ድንበራቸውን አሳይቷቸዋል። ቢፈልግ አንዳችንን በአንዳችን ሊያስፈጀን ይችል ነበር። ቢፈልግ ድንጋዮቹን ሳያሳየን ሊሄድ ይችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳስብ አደርኩ።

ሦስት ቀን በእግሬ ተጉዤ ጊኒር ወረድኩ። ከከብት ገበያው ዳር አገኘሁት። ከሩቅ ለየኝና "ውሃው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አለ፣ ኦቦ ከድር" አልኩ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ እርስዎ ያልኳቸው። "ለምን አልነገሩንም? መሬቱ የእኔ ነው ለምን አላሉም?"

በቅሏቸውን አሻሹ።

"በሕግ አምላክ ብላችሁ ያስቆማችሁኝ በሁለታችሁ መካከል ነው" አሉኝ። "እሱን ፈረድኩ። በእኔና በእናንተ መካከል ግን ማንም አላስቆመኝም።"

መሬቱ ማደሪያ መሆኑን፣ እኔ ብለቀው ለሌላ ወታደር እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። አውቃለሁ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልኩት እውነት ነበር። ለእኔም የተመቸኝ እውነት ነበር፤ ያን ሁለታችንም አውቀናል።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ የኩታዬን ጫፍ አነሳሁና ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። "እንግዲያው እርስዎ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ" አልኳቸው። "የሚያልፈውን ሰው እናስቁም።"

ኦቦ ከድር ቋጠሮውን አዩት። ከዚያም መንገዱን አዩ። የሸዋ ወታደር በበቅሎ አለፈ፣ የጊኒር ነጋዴዎች ፍየል እየነዱ አለፉ፣ አንድ የገዥው ጸሐፊ አለፈ። ሁሉንም በዓይናቸው ሸኟቸው። ማንንም አልጠሩም። ቋጠሮውን በዝግታ ፈቱና የኩታዬን ጫፍ ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ።

"እኛን የሚዳኝ ሰው በዚህ መንገድ ገና አላለፈም" አሉኝ።

ሕግ ልማር የወሰንኩት ከዚያ ስመለስ ነው። አማርኛ ስለማይችሉ ብቻ ለሚረቱ ሰዎች ስቆም ኖሬአለሁ፤ ገና ሲናገሩ ማንም እንዳያቋርጣቸው እለምናለሁ። ኦቦ ከድር በየዓመቱ ከሃረና ሲመለሱ ምንጩ ጋ ያርፉ ነበር። ሲመጡ ቅጠሉን ጠርጌ እጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ይመጣሉ።

ብዙ ሰው አስፈትቻለሁ፣ ብዙ ርስት አስመልሻለሁ፤ ሰዎችም ያመሰግኑኛል። እኔ ግን የራሴ ክስ ገና እንዳልተሰማ አውቃለሁ። አሁን እግሬ ሩቅ ስለማያስኬደኝ ከሰዓት በኋላ ከኮሶው ሥር እቀመጣለሁ። በመንገዱ ሰው ሲያልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ዳኛችን እሱ ይሆን እላለሁ።