ኢኒድ ታፕኮትና የጠፋው የወሰን ድንጋይ

በሞልዊክ መንደር ማን የአገር ሰው፣ ማን መጤ እንደሆነ የምትወስነው ኢኒድ ታፕኮት ነበረች። ማንም አልሾማትም። ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ኖራ፣ እኩዮቿን ሁሉ ቀብራ ስትጨርስ፣ ሹመቱ በራሱ ጊዜ እጇ ላይ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት በመንደሩ የኖረ ሰው ለእሷ ትናንት ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ልጆቹ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ቢያገቡ እንኳ «ደህና ሰዎች ይመስላሉ፤ እስቲ እናያቸዋለን» ትላለች።

ይህን ሁሉ የምትናገርበት መብት ከየት መጣ ቢሏት፣ አናቷን ትነካለች። ካርታ የሚያነብ ሰው ባልነበረበት ዘመን ሞልዊኮች የአጥቢያቸውን ወሰን ያስቀመጡት በልጆች ጭንቅላት ውስጥ ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቄሱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ ወሰኑን ይዞራል። ከሰባቱ የወሰን ድንጋዮች አንዱ ጋ በደረሱ ቁጥር አንድ ወንድ ልጅ ይይዙና፣ በእግሮቹ ዘቅዝቀው አናቱን ከድንጋዩ ጋር ያጋጩታል። ልጁ አርጅቶ ሳለ ጠብ ቢነሳና «ድንጋዩ የት ነበር?» ቢባል፣ አናቱን እያሻሸ ያሳያል። ልጆቹ ቀድመው ከሸሹ ደግሞ በአካባቢው የተገኘ የማዶ ሰው ይያዛል። ምስክር ምስክር ነው፤ እንዲያውም የሌላ መንደር ሰው ሲዘቀዘቅ ሳቁ ይደምቃል። ጎረቤቶቻቸው ድሬንተኖች ግን «ሞልዊኮች ነገር ቶሎ የማይገባቸው ከዚያ ድንጋይ የተነሳ ነው» ብለው ያሟቸዋል።

ኢኒድ የተዘቀዘቀችው ከዓለም ጦርነቱ ማግስት፣ የመጨረሻው ዙረት በተደረገበት ዓመት ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር በመንደሩ አዳራሽ የታሪክ ምሽት ይዘጋጃል፤ ሻይ ይቀዳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ኢኒድ ትነሳለች።

«ወንዶቹ ልጆች ፈርተው ሸሹ» ትላለች በየዓመቱ። «የሰበካው ሹም ሚስተር ሆብዴይ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ‹ይቺ ትበቃናለች! አንሷት!› አለ። ሰዉ ሁሉ በደስታ ሳቀ። በሞልዊክ ታሪክ አናቷ ሰባተኛውን ድንጋይ የነካ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ!»

መጀመሪያ ስታወራው ድንጋዩ «ከቤታችን አጠገብ» ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወንዝ ተጨመረበት። ቆይቶ ተዘቅዝቃ ሳለች ውሃው ላይ የምትበር ሰማያዊ ወፍ አየች። እንዲህ እንዲህ እያለች ድንጋዩን በምላሷ እየገፋች ወንዝ ዳር አደረሰችው። ድንጋዩ ራሱ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚቃወማትም በሕይወት አልነበረም። ስለዚህ ወሰኑ ወንዙ ነው ተባለ። የኢኒድ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው የድሬንተን ነው።

ከወንዙ ወዲያ፣ ከኢኒድ ጓሮ ፊት ለፊት የሚኖረው ሚስተር ፐርኪስ ነበር። ከበርሚንግሃም የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ትንሽ የሚናገር፣ ሲናገርም ነርቭ የሚነካ። ቤታቸው በድሬንተን በኩል ቢሆንም እሱና ሚስቱ ዶሪን የሚያስቀድሱት ሞልዊክ ነው። ዶሪን የቤተ ክርስቲያኑን አበባ ታዘጋጃለች፤ እሱ ሒሳብ የሚይዝ ሌላ ሰው ስለታጣ የሰበካ ጉባኤው አባል ሆኗል። ለሥራ ሲሆን ወሰን የሚጠይቅ አልነበረም።

ለመቃብር ሲሆን ግን ኢኒድ ጠየቀች። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊሞላ ጥቂት ቦታ ቀርቶት ነበርና፣ ከወሰኑ ውስጥ ከሚኖር በቀር ማንም እንዳይቀበርበት ሰበካ ጉባኤውን ይዛ አስወሰነች። የእሷ ቦታ ከባሏ ከስታንሊ ጎን ተይዟል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከእሱ ስም በታች «ሚስቱ ኢኒድ፣ የሞልዊክ ልጅ» ተብሎ ተቀርጿል፤ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እየሄደች ስሟን በመሀረብ ትወለውለዋለች። ከዚያ ቦታ በቀር በዓለም ላይ የምትመኘው ነገር አልነበረም።

የውሳኔው ቀለም ሳይደርቅ ዶሪን ሞተች። ሚስተር ፐርኪስ ቆቡን በእጁ ይዞ የኢኒድ ወጥ ቤት ገባ።

«ወይዘሮ ኢኒድ፣ ዶሪን ይህን ሁሉ ዘመን የዚያን ቤተ ክርስቲያን አበባ ስታሰናዳ ነው የኖረችው።»

«አበባውማ ቆንጆ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና። ቢጫው ትንሽ ይበዛ ነበር እንጂ።»

«አንድ ቦታ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

«የእኔ ቢሆን አሁኑኑ በሰጠሁዎት። ግን ምን ላድርግ? ያላችሁት ማዶ ነው።»

«ማዶ? ወንዙ እኮ ዶሮ ትዘለዋለች!»

«ዶሮ ብትዘለውም ድንበር ድንበር ነው፣ ሚስተር ፐርኪስ።»

ሻይ ቀዳችለት። ብስኩቱን ግን ከቆርቆሮው አላወጣችውም። ዶሪንም ነፋስ በሚደበድበው በድሬንተን ጉብታ ላይ ተቀበረች።

ነገሩ መንደሩን አስከፋ። ስድስት መንደር በአንዲት አሮጌ መኪና እየተሯሯጡ የሚያገለግሉት ቄስ ሂላሪ ሰላም ያወርዳል ያሉትን መላ አመጡ፤ የድሮው የወሰን ዙረት ይመለስ፣ የሰባተኛው ድንጋይ ቦታም ይታወቅ፣ ሐሜቱም ያብቃ። የምትመራው ማን እንደሆነች መናገር አላስፈለገም። ኢኒድ ለዚያ ቀን አዲስ ባርኔጣ ገዛች።

ቀኑ ደረሰ፤ እንደ ወጉ ያካፋል። ሕዝቡ፣ ውሾቹ፣ ልጆቹ ተሰለፉ። አናታቸው ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ልጆች የኢንሹራንስ ሰዎች ባዘዙት መሠረት የብስክሌት ቆብ አጥልቀዋል። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ አባቶቻቸው በጥንቃቄ ዘቅዝቀው፣ ቆቡን ኮሽ አድርገው፣ «አመመህ እንዴ የኔ ጌታ?» እያሉ ያቆሟቸዋል።

«እንዲህም አድርጎ ማጋጨት የለ!» አለች ኢኒድ። «እነዚህ እንኳን ወሰን፣ እራታቸውንም አያስታውሱ።»

ስድስቱን ድንጋዮች አልፈው ወንዝ ዳር ደረሱ።

«እሺ ወይዘሮ ኢኒድ፣ ሰባተኛው የት ላይ ነበር?» አሉ ቄስ ሂላሪ።

«እዚሁ ነው። ተዘቅዝቄ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ግንብ በወፍጮ ቤቱ ሁለት ጭስ ማውጫዎች መካከል ልክ ገብቶ ታይቶኛል። ይህን ዓይኔ አይረሳውም።»

ሁሉም ቀና አለ። ከወንዙ ዳር የደወል ግንብ የሚባል ነገር አይታይም፤ የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ጋርዶታል።

«ትንሽ ከፍ ብሎ ይሆናል» አለች ኢኒድና ሽቅብ ወጣች። አሁንም አይታይም። በራሷ የጓሮ በር ገባች፤ ሕዝቡ ተከተላት። በወጥ ቤቷ መስኮት ሥር አለፈች፣ ቤቷን ከኋላ ትታ ባቄላዋ መሐል ገባች። የግንቡ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከጭስ ማውጫዎቹ ጋር ግን አልገጠመም።

«ያኔ ያዩት ተዘቅዝቀው ነው» አለ ሚስተር ፐርኪስ ከኋላ፣ ፊቱን ሳያፈታ። «ቆመው እንዴት ሊያገኙት ይችላሉ?»

ሳቅ ተሰማ። ኢኒድ ደግሞ በሰው ፊት ወደኋላ የምትል ሴት አይደለችም። ባርኔጣዋን ለቄስ ሂላሪ ሰጠች፤ እግሯን ከፈት አድርጋ ጎንበስ አለችና በእግሮቿ መካከል ማየት ጀመረች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጭቃ፣ ጎንበስ እንዳለች የባቄላውን እንጨት እየጣለች የኋሊት ተንፏቀቀች። ደሙ ወደ አናቷ ወረደ። ድንገት የደወል ግንቡ በሁለቱ ጭስ ማውጫዎች መካከል ልክ ገባ። የልጅነቷ ቀን እንዳለ መጣላት፤ ወፍ የለም፣ ወንዝ የለም፣ የእናቷ አጥርና የወንዶች ሳቅ ብቻ ነው።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች። «አላልኳችሁም? ይኸው፣ እዚህ ነው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጮኻ ከጨረሰች በኋላ ነው የት እንደቆመች ያየችው። ከራሷ መጋዘን አካፋ መጣ። ብዙም ሳይቆፈር ብረቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ጭቃውን ሲጠርጉለት በሁለቱም ፊቱ ፊደል ተቀርጾበታል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በዞረው ፊቱ የሞልዊክ፣ ወደ ኢኒድ ወጥ ቤት በዞረው ፊቱ የድሬንተን መነሻ ፊደል። ሰዉ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ አንገቱን አዙሮ የኢኒድን ቤት አየ።

«ታዲያ የእትዬ ኢኒድ ቤት ያለው…» ብሎ ጀመረ አንዱ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ሚስቱ። «ራሳቸው አያዩትም እንዴ?»

ሚስተር ፐርኪስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ ኢኒድ፣ ለታሪኩ ያህል ልጠይቅዎት። ያን ቀን ከዙረቱ ጋር ነው የመጡት ወይስ እዚህ አገኙዎት?»

«እዚሁ ነው ያገኙኝ። አጥራችን ላይ ተቀምጬ ዳቦ በስብ ስበላ።»

«አሃ» አለ ሚስተር ፐርኪስ።

ኢኒድ የሚስተር ሆብዴይን ድምፅ ያን ጊዜ ገና በትክክል ሰማችው። ይቺ ትበቃናለች ያላት መርጧት አልነበረም። ልጆቹ ሲሸሹ ከማዶ ሰው አንዷን ይዘው ዘቀዘቋት፤ የሳቁትም ለዚያ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ዘውድ የደፋችው የመጤነት ምልክቷን ነበር። አፈረች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ባርኔጣዋን መልሳ መድፋት እንኳ ረሳች።

ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማሰው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ኢኒድ ያስወሰነችው ውሳኔ አሁን የራሷን ስም ከስታንሊ ጎን አውጥቶ ጉብታው ላይ ሊጥላት ሆነ። ቄስ ሂላሪ ሰበካ ጉባኤውን ጠሩና ለወይዘሮ ኢኒድ ብቻ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ወደ ሚስተር ፐርኪስ ዞረ። ኢኒድ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቤቷ ሆና ተለማምዳ ነው የመጣችው። እሱ «ድንበር ድንበር ነው» ይላታል፤ እሷም «እውነትዎን ነው» ብላ አንገቷን ቀና አድርጋ ትወጣለች። ውስጧ ግን በስታንሊ ስም ይማልድ ነበር።

ሚስተር ፐርኪስ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ። «እስማማለሁ» አለ። «ከባላቸው ጎን ይቀበሩ።»

የሌሎቹም እጅ ተከትሎ ወጣ። ቄስ ሂላሪ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ክርስትና ማለት ይኸው ነው» አሉና ኬኩን ለእሱ አስቀድመው አቀረቡለት።

ኢኒድ ደጅ ጠብቃ ያዘችው። ዝናቡ አልቆመም።

«ሚስተር ፐርኪስ፣ ያን ያህል አስቀይሜዎት ሳለ… ለምን እንዲህ አደረጉ?»

ጃንጥላውን ዘረጋ፤ አልቸኮለም። «ድሬንተን መቃብር ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ኢኒድ። ከዶሪን በግራ በኩል ያለው የእኔ ነው። ክፍቱ በቀኟ ነው። እዚህ ቢከለክሉዎት እዚያ ነበር የሚገቡት።»

«እና?»

«ዶሪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእርስዎን ድምፅ ከወንዙ ማዶ ስትሰማ ኖራለች። አሁንስ ትረፍበት።»

ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ተሰናበታትና ወረደ። ኢኒድም ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች፤ በባቄላው መሐል አልፋ፣ ድንጋዩን ተሻግራ፣ ድሬንተን ያለው ቤቷ ገባች።