«ክሬድብል» የሚለውን ቃል የተማርኩ ጊዜ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ክሬድብል» የሚል ቃል ጻፉልን። ከሸዋ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። «ሊታመን የሚችል ማለት ነው» አሉን። «ለወሬም ይነገራል፣ ለምስክርም ይነገራል። እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። እውነት ሆኖ የማይታመን አለ፤ ውሸት ሆኖ የሚታመንም ሞልቷል።» ከዚያ በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዙን።

እኔ ደግሞ አስር ከአስር ካላገኘሁ ምግብ የማይበላልኝ እልኸኛ ነበርኩ። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሸማቂዎቹን ሊቀላቀል በረሃ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ይህ ከታወቀ ወላጅ ይታሰራል። ስለዚህ እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሄደ» ትላለች። በእኛ ሰፈር በጥራቮሎ እንዲህ ያለ መልስ አዘጋጅቶ የሚኖረው ቤት ብዙ ነበር። እኔ ጅሏ ምን ጻፍኩ? «ወንድሜ አዲስ አበባ ነው መባሉ ክሬድብል አይደለም፤ ካፖርቱ በር ኋላ ተሰቅሏል።» እንዴት እንደኮራሁበት!

በማግስቱ አስተማሪው የሁሉንም ደብተር መልሰው የእኔን አስቀሩት። ተማሪው ሲወጣ ጠሩኝ። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴን በገዛ እጄ አሳሰርኳት አልኩ በልቤ።

«ካፖርቱ አሁንም ቤት ነው?»

«እወ... አዎ፣ ቲቸር።»

ገጹን ቀደው በእጄ አስያዙኝ። «አቃጥዪው። ለእናትሽም ንገሪያት። አዲስ አበባ ይበርዳል፤ ካፖርቱን ጥሎ ሄደ ብትል ማንም አያምናትም።» ስህተቴን እንደ ሁልጊዜው አረሙልኝ። እኚያን ሰው እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

እናቴ ስነግራት መጀመሪያ ጮኸችብኝ፤ ቀጥላ ካፖርቱን አወረደች። የልጇ ጠረን አለበት ብላ እንዲታጠብ እንኳ አልፈቀደችም ነበር። አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠቅልላ ዓዲ ጓዕዳድ መንደር ላለችው እህቷ ላከችው።

በሳምንቱ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ሳጥን ከፈቱ፤ በር ኋላም አዩ።

«ካፖርቱስ?» አላት አንደኛው።

«ይዞት ሄደ እንጂ! ልጄን ብርድ ይፍጀው እንዴ?»

አመኗትና ሄዱ። እኔ በደስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሆነን ምሳ ስንበላ፣ ሬዲዮው አዲስ አበባ ዝናብ እንደከረመባት ተናገረ። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ አዳመጠች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣» አለችኝ፣ «እንኳንም ካፖርቱን ይዞ ሄደ።»

ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም።

«እንኳንም፣ ኣደይ» አልኳት።