ጎርፍ ነው አሉን

ሽቦ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ዛሬም በአንድ ሱቅ በር ሳልፍ ሲሸተኝ፣ ጂቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር የነበረችው የአባባ ጠባብ ሱቅ ትመጣብኛለች፤ ንዴቴም አብሮ ይመጣል። አባባ ኮምፒውተር ይጠግንና ይገጣጥም ነበር። በሙቀቱ ወራት፣ ከበረሃው የሚነሳው ንፋስ አቧራ ይዞ ሲገባ፣ ማራገቢያውን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ማሽኖቹ አዙሮ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይሠራ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ብሎኖቹን እየለየሁለት ከጎኑ እቀመጥ ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአንድ ክፍል የሚበቃ ኮምፒውተር አዘዘው። ያን የሚያህል ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ሁሉን ገጣጥሞ ሃርድ ዲስኩን ብቻ ሲጠብቅ ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ፋብሪካዎች እስከ መስኮታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ሠራተኞቹ በጀልባ ሲወጡ በቴሌቪዥን አየን። ሃርድ ዲስክ ከገበያ ጠፋ። አባባ ዕቃ የሚገዛው ከጋሽ ንጉሤ ነበር፤ ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሳ፣ እቤታችን እንደ ዘመድ የሚገባ የሚወጣ ሰው። አባባ እኔን አስከትሎ ሄዶ ሲለምነው፣ እጆቹን እያራገፈ፣ «አንድም የለኝ፣ ወንድሜ! ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው። የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል?» አለው።

አባባ አመነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እየተመላለሰ፣ «ታይላንድ የት፣ ጂቡቲ የት! ታሾፍብናለህ?» እያለ በፈረንሳይኛ ሲጮህበት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ስለ ጎርፉ ያስረዳ ነበር።

ገና አልፎ የገብርኤል ማኅበር ተራው የጋሽ ንጉሤ ሆነ። እንግዳው በዝቶ ወንበር ሲያንስ እማዬ ከጓሮው ክፍል ልታመጣ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ከአባባ ሱቅ የማውቃቸው የሃርድ ዲስክ ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረው ነበር። እማዬ ወንበሩን ትታ አንዱን ካርቶን ታቅፋ ወጣችና ማኅበርተኛው መካከል አስቀመጠችው።

«ይኼ ምንድነው?»

ጋሽ ንጉሤ እንኳን ሊያፍር፣ ጠላውን ጎንጨት አለ። «ንግድ ነው እኮ፣ አልማዝ። ዋጋው ገና ይጨምራል።»

እማዬ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው በአንድ ጊዜ አንተ አለችው። «ጎርፉ ታይላንድ ነው ስትለን፣ ለካስ እዚሁ ጓዳህ ኖሯል! ክርስትና ያነሳኸውን ልጅ ጦሙን ልታሳድር!»

ሁሉም «በማኅበር ቀን ጠብ አይሆንም» እያሉ እሷን አስቀመጧት፤ እሱን የጠየቀው ግን አልነበረም። አባባ ተነሳ፤ ካርቶኑን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። ወደ ቤት ስንሄድ «ለምን መለስከው?» አልኩት እያለቀስኩ።

«የኔ አይደለማ» አለኝ።

ያንን መልሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ትምህርት ቤቱ ትዕዛዙን ሰርዞ ከሌላ ገዛ፤ የገዛውም ከጋሽ ንጉሤ መሆኑን ቆይተን ሰማን። ሙቀቱ ሲመለስ ሱቃችን ተዘጋ፣ አባባም ሀብታሞቹ በሚኖሩበት በሐራሙስ ሰፈር አንድ ቪላ ዘበኛ ሆኖ ገባ። አንድ ቀን ጋሽ ንጉሤ ለግብዣ ቪላው መጣ። በሩን የከፈተለት አባቴ ነበር።

ዛሬ ዶራሌ ወደብ፣ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሩቅ አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም ማዕበል ሲነሳ፣ ቀድሞ ወደባችን የገባ ዕቃ ዋጋ በዚያው ቀን ሲጨምር አያለሁ፤ «ኮንቴይነሩ ትንሽ ይቆይልኝ» የሚል ስልክም ይደወልልኛል። ያኔ በዓለም ላይ ያለው ክፉ ሰው ጋሽ ንጉሤ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባባ አሁን አርጅቶ እቤት ይውላል፤ በዜና ጎርፍ ባየ ቁጥር «ምስኪኖች፣ ቤታቸው ሁሉ ሄደ» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔም ለሰዎቹ አዝናለሁ፤ ግን እንደ እሱ ማዘን ብቻ አልሆንልኝ ብሎ፣ በዚያች ሰዓት እዚህ ከተማ የማን መጋዘን እየተቆለፈ እንደሆነ አስባለሁ።