አረንጓዴው ዳኛ

ማተሚያ ቤቱ ከፀጉር ቤትና ከመድኃኒት ቤት መሃል የተሰነቀረ ነው፤ ወረቀት መቁረጫው ሲወርድ የፀጉር ቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እዚያ ገጽ የምታቀናብረውን ሴት ሰው ሁሉ «አሁን ያልቃል» ይላታል፤ ለደንበኛ ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። እናቷ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምትሠራው» ብለው ስላወሩ፣ ሰፈሩ በየዜናው ሲፈልጋት ያመሻል።

የሰርግ ጥሪም ታዘጋጃለች፣ የትምህርት ቤት መጽሔትም። አብልጣ የምትወደው ግን የሟች መታሰቢያ መጽሐፍ ነው። ሙሽራ በየሰዓቱ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ «አፍንጫዬን አሳንሽልኝ» ያላት ሟች ግን እስካሁን የለም። ጣጣው ከዘመድ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ሚስትና ታላቅ እህት የመታሰቢያውን ሽፋን ሊያዩ መጡ። ሚስትየዋ ዝምተኛ ናቸው። እህትየዋ የሁለቱንም ድርሻ ያወራሉ። ሁለቱም ወንበር ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፤ «አሁን ያልቃል» ፋይሉን ከፈተችው።

ዳኛው በካባቸው ብቅ አሉ። ፊታቸው ግን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ነው።

«ወንድሜን የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ አደረግሽው!» አሉ እህትየዋ።

«አይ እትዬ፣ ይሄ ለማየት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ፎቶውን አቅልሎ ነው የሚያሳየን። ሲታተም ጥርት ይላል።»

«ዓይኔ እያየ?»

ክርክር አትወድም። እይታውን ወደ ጥራት ቀየረችው። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ዳኛው ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው አረንጓዴ ዥንጉርጉር ሆኑ፤ የቀረው አካላቸው ጠቆረ። እህትየዋ ጮኹ። ከፀጉር ቤቱ አንድ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ሰውዬ መጥቶ በበሩ አጮለቀና ተመለሰ።

ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው፤ አረንጓዴ። ፎቶውን አውጥታ እንደገና አስገባችው፤ አረንጓዴ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ዳኛው ጭራሽ ወይን ጠጅ ጨምረው መጡ። ፎቶውን በስልኳ ስትከፍተው ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ፎቶው ጤነኛ ነው። «ስክሪኑ ነው የተበላሸው» ብላ ደመደመችና ከማተሚያ ቤቱ ባለቤት ክፍል ሌላ ስክሪን አምጥታ ሰካች። ዳኛው እዚያም አረንጓዴ ናቸው።

ባለቤቱ በክፍሉ መስታወት አሻግሮ እያየ፣ «ቴክኒሻኑን ጥሪው» አላት።

«ሌላ ቴክኒሻን የለም?»

«የለም።»

ቴክኒሻኑ የቀድሞ ባሏ ነው።

እሱ እስኪደርስ ሴቶቹን ለማስታገስ የውስጥ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረች። ትላልቆቹ ፎቶዎች በሙሉ አብደዋል። አንዲት ትንሽ አሮጌ ፎቶ ብቻ ጥርት ብላ ወጣች፤ ዳኛው በወጣትነታቸው፣ በኳስ ቁምጣ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ። እግራቸው ከሻይ ማማሰያ አይወፍርም።

እህትየዋ ቀስ ብለው ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። «ይቺን ማን አስገባት?»

«እኔ» አሉ ሚስትየዋ። ከመጡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«አገር የሚያከብረው ሰው በቁምጣ? ያውም በዚያ እግር! የእኛ ቤት ሰው እግር እንደሌለው እያወቅሽ?» አሉና የገዛ ቀሚሳቸውን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ሳብ አደረጉት። «አንቺ ልጅ፣ ከጉልበቱ ቁረጪልኝ!»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ አንዴ ሞተዋል። እግራቸውንም ልቁረጠው?»

ሚስትየዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። በመሃረብ አፈኑት፤ በአፍንጫቸው ወጣ።

በዚህ መሃል የቀድሞ ባል ሽቶ ተርከፍክፎ ገባ። ትዳራቸው ውስጥ የተበላሸ ነገር ያስተካከለበትን ቀን አታስታውስም፤ የቤታቸው ቧንቧ አብሯቸው ሲያለቅስ ኖሯል። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው።

«ኮምፒውተሩ ጠዋት አፕዴት አድርጊ ብሎሽ እሺ ብለሽዋል?»

«ራሱ ነው ያደረገው።»

«ምስል የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ቀይሮታል። ድራይቨር ማለት...» አለና ወደ ሴቶቹ ዞረ፣ «ካርዱና ፕሮግራሙ እንዲግባቡ የሚያደርግ አስተርጓሚ ነው። አዲሱ አስተርጓሚ የዚህን ፕሮግራም ቋንቋ አይችልም። ትንሽ ፎቶ ያሳልፋል፣ ትልቅ ሲመጣበት ይዘባርቃል። አሮጌውን እንመልሳለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ አጎነበሰ። «አንዳንዴ አሮጌውን መመለስ ነው የሚያዋጣው።»

«ስለ ማሽኑ ብቻ አውራ።»

«ስለ ማሽኑ ነው ያወራሁት።»

«ሽቶህ ግን ስለ ማሽኑ አያወራም» አሉ እህትየዋ። ጆሯቸው ከምላሳቸው አይተናነስም።

አሮጌውን መልሶ ኮምፒውተሩን አስነሣው። ዳኛው በካባቸው፣ የቅንድባቸው ፀጉር እስኪቆጠር ጥርት ብለው ወጡ። የእሱ ትክክል መሆን «አሁን ያልቃል»ን አናደዳት፤ ቢሆንም አመሰገነችው። ምስጋናው ስላደፋፈረው «ሻይ ልጋብዝሽ?» አለ። «ባለቤቱን ጋብዘው» አለችና በሩን አሳየችው። ከመሄዱ በፊት ግን አሮጌውን እንዴት እንደመለሰ ሁለቴ አስደግማ አይታለች፤ ዳግም የምትጠራበት ምክንያት እንዲኖር አልፈለገችም።

ሚስትየዋ ባለ ካባውን ዳኛ በጣታቸው አመለከቱ።

«ይሄ የፍርድ ቤቱ ነው» አሉ። «ቤት የሚገባው ያ ባለ ቁምጣው ነበር። ሽፋኑ ላይ እሱን አድርጊልኝ።»

«በዚያ እግር!» አሉ እህትየዋ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በዚያ እግሩ ነው የወደድኩት። እየሮጠ ሲመጣ እስክወድቅ ነው የሳቅኩት።»

እህትየዋ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ስክሪኑን አዩት። ጭቃውን አዩት። ዓይናቸው ሞላ።

«ያቺን ቁምጣ በጭቃ ስላበላሻት እናታችን ገርፋዋለች» አሉ። «እሺ፣ ይግባ። ግን ትንሽ አሳድጊው። ፊቱን ማለቴ ነው፣ እግሩን አይደለም።»

ፎቶው አሮጌና ትንሽ ስለሆነ ከመጠን በላይ ቢለጠጥ በእውነት ንጣፍ እንደሚመስል ነገረቻቸው። በሽፋኑ መሃል፣ ዙሪያው ነጭ ሆኖ፣ በልኩ ተቀመጠ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ እህትየዋ ከሁሉም ዘመድ ቀድመው መጥተው አንድ እቅፍ ይዘው ሄዱ፤ ለፀጉር ቤቱ ደንበኞችም ሳይቀር ባለ ቁምጣውን ሽፋን አሳዩ።