እህቱ ብቻዋን የምታቆመው ዓምድ

ሰፈሩ «ጠብታ» እያለ የሚጠራው ሰውዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ ሲገጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርቶ፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያጠብቅ ተገኝቷል። ከረባቱን አስሮ መሆኑን ሚስቱ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ታላቅ እህቱ ደግሞ በጓሮ ክፍሏ አረቄ ታወጣለች። ፈቃዷ በመስታወት ተከድኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ደንበኞቿም ሁለት ዓይነት ናቸው። ሽቶ ቀማሚው ጠንካራና ሽታ የሌለው አልኮል ይፈልጋል፤ የግብዣ አዳራሹ ደግሞ የፍሬ መዓዛ ያለውን። በአሮጌው ድስት ጠንካራውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ማውጣት፣ ሦስት ጊዜም ድስቱን ማንሳት ግድ ነበር። አምና ትከሻዋ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ትኩሱ ድስት ከእጇ አመለጠና እግሯን ለበለባት።

የእህቱ ልጅ እዚያው ቁርጡን ተናገረች። «እማዬ፣ በቃሽ! እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ማንም ሳያግዝሽ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ስትሠሪ ካላየሁ ይሄ ክፍል ይዘጋል።»

እህቱ ወንድሟ ዘንድ ስትመጣ አላለቀሰችም። «ሥራዬን ከወሰዱብኝ ምን ልሁን? ወንበር ልሁን?» አለችው። ድስት የማይነሳበት አዲስ የአረቄ ማውጫ ሊሠራላት ተነሳ።

ብዙ ሰው ቢሆን ከመዳቡ ይጀምር ነበር። እሱ የጀመረው ከእህቱ ክንድ ነው። በኩሽና ሚዛን ስኳር እየመዘነ በከረጢት አስነሳት። አራት ኪሎ ሲሞላ ከንፈሯን ነከሰች። «እንግዲህ ከአራት ኪሎ በታች» ብሎ የድሮ ካላንደር ጀርባ ላይ ጻፈ። የሚፈላበት ጋን ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም፤ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሮ በጎማ ቱቦ ይሞላል፣ ከሥር በቧንቧ ይፈስሳል። በላዩ ላይ የሚቆመው ዓምድ ክንድ ክንድ በሚያህሉ የመዳብ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ መጋጠሚያቸው ማሸጊያ ጎማ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚዘጋ ቀለበት ነው። ከቁራጮቹ ሦስቱ ውስጣቸው የመዳብ ሽቦ ታጭቆባቸዋል። ሽቅብ የሚወጣው እንፋሎት ቁልቁል ከሚመለሰው ፈሳሽ ጋር እየተጋጨ በየደረጃው ይጠራል፤ የሦስት ጊዜው ሥራ በአንዴ ያልቃል። ፍሬ ሲሆን ሦስቱን አንስቶ በአጭሩ መሥራት ነው፣ መዓዛው እንዳይጠፋ። የመውጫው አፍ ግን ምንጊዜም ክፍት ነው፤ መተንፈሻ ያጣ እንፋሎት ቤት ያፈርሳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አሳፈረው። ጋኑ ፈላ፣ ዓምዱ ጋለ። ዕድሜ ልኩን ጠብታ ሲያስቆም የኖረ ሰው ዐይኑን አፍጥጦ ጠብታ ይጠብቅ ጀመር። ከመውጫው ግን የመጣው ፈሳሽ ሳይሆን እንፋሎት ነበር፤ እሱም እያፏጨ። እህቱ ማሞቂያውን አጥፍታ በርና መስኮቱን ከፈተች።

«ቀዳዳ አለው» አለ እሱ። ቧንቧ ሠራተኛ ሌላ በሽታ አያውቅም። አራት ቀን ሙሉ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ እየቀባ ፈተሸ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንዲትም አረፋ አልተነፋችም። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንደሚባለው፣ አጥብቆ የጨረሰውን እንደገና አጠበቀ። የወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ሲቀረው ባዶ ውሃ አፍልቶ እንደገና ጎንበስ አለ።

እህቱ በዚህ መሀል መዳፏን ማቀዝቀዣው ላይ አሳረፈች። ማቀዝቀዣው እንፋሎቱ የሚወርድበት ቧንቧ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት ሌላ ቧንቧ እንደ ካፖርት ከላዩ ለብሷል።

«አንተ፣ ና እስቲ ይሄን ንካው።»

«እትዬ፣ ተይኝ፣ የመጋጠሚያውን ጎማ እያየሁ ነው።»

«ጎማህን ተወውና ንካው አልኩህ!»

ነካው። በአንድ ጎኑ ይቀዘቅዛል፤ በሌላው ጎኑ ይፋጃል።

«ውሃውን ከላይ አስገብተኸው በአንድ ጎን ሸርተት ብሎ ይወጣል እንጂ መች ሞላው?» አለችው። «ከታች ይግባ፤ ሲሞላ ከላይ ይውጣ።»

«ውሃ እኮ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ እትዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት...»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አወረድከው። እስቲ ዛሬ አውጣው።»

ሁለቱን የውሃ ቱቦዎች ለማቀያየር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ትንሽ ቆይቶ ከመውጫው በእንፋሎቱ ፈንታ ቀዝቃዛ ውሃ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሰውዬው ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ በራሱ ሳቀ።

በመጨረሻው ቀን ልጅቷ እጆቿን አጣምራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጎቷም ከጎኗ፤ እጁ እንዳያስቸግረው ከጭኑ ሥር ቀብሮታል። እህቱ በጎማ ቱቦ ጋኑን ጥንስስ ሞላች፤ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሳች ደረደረች። ሦስተኛው ቀለበት አልዘጋ አለ። ልጅቷ ብድግ ስትል እሱ ቀሚሷን ይዞ አስቀመጣት። እናትየው ቁራጩን አወረደች፣ የቀለበቱን ጎማ በጨርቅ ጠረገች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ቀጭ አለ።

መጀመሪያ የወረደውን፣ የማይጠጣውን ጥቂት ደፋችው፤ ይሄንን ማንም አላስተማራትም። ቀጥሎ የመጣውን በአልኮል መለኪያ አየችው፤ ሰማንያ ስምንት በመቶ። በአንድ ጊዜ! ሰውዬው መጮህ አማረውና ዋጠው፤ ሥራው ገና አላለቀም። ሁሉም ሲቀዘቅዝ ጋኑን በታችኛው ቧንቧ አፈሰሰች፣ ሦስቱን ቁራጮች አወረደች፣ አጭሩን አቁማ የፍሬውን ጀመረች። ክፍሉን የኮክ ሽታ ሞላው። የልጅቷ ክንዶች ያኔ ተፈትተው ነበር፤ መቼ እንደተፈቱ እሷም አላወቀች።

«እሺ፣ እማዬ» አለች። «አሸነፍሽኝ። ነገ መጥቼ እቃውን ላጥብልሽ?»

«ነገ?» አለች እናቷ፣ የቀለበቱን ጎማ በጣቷ እየዳሰሰች። «ነገ ማንም እንዳይመጣብኝ። ሥራ አለኝ።»