የሺን ጠንቋይ ከማለታችሁ በፊት

የሺ ሞተች አሉኝ። «የቷ የሺ?» አልኩ። በሕይወቴ የማውቃት የሺ አንድ ብቻ ናት፤ ግን ጠየቅሁ።

ቀጥዬ በራሷ ስልክ ደወልኩላት። ሲነሳ ደስ አለኝ። ያነሳችው ግን እህቷ ናት። «ወባ ነው» አለችኝ እያለቀሰች፣ «ተሻላት ስንል»። ከዚያ ቤቱን ሁሉ ጫማዬን ስፈልግ ቆየሁ። ተጫምቼው ኖሯል።

ለማታውቋት፦ የሺ ወረታ ገበያ ሸክላ ተራ ድስትና ጀበና የምትሸጠዋ ረጅሟ ሴት ናት፤ ስትስቅ ጥርሷን በነጠላዋ የምትሸፍነው። የልጄ የክርስትና እናት ናት፣ አበልጄ። ሸክላ ሠሪ አበልጅ ማድረጌ ያኔ ስንቱን ዘመድ አስኮርፏል! በፎገራ ስንቱ ቤት በየሺ ድስት ወጥ ይሠራል። እሷ ስታልፍ ግን እናቶች ልጃቸውን ይሸፍናሉ፤ ቡዳ ናት ተብላ። በእጇ የተሠራው እህል አይበላም፣ ዓይኗ ግን ይበላል። ይኼ ነገር ተወልጄ ባድግበትም ገብቶኝ አያውቅም።

በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች። የሚመጣላት እኔና ልጄ ብቻ። የተረፈውን ምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም።

ለክርስትናው ስጦታ ልሰጣት ፈልጌ አንድ የገበያ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩና በስልኬ ዕቃ አሳያት ጀመር። ቀሚስ አሳየኋት። «እሱስ ባልከፋ» አለች። ጫማ አሳየኋት። «እሱስ ባልከፋ።» የምታውቋት ይቺን ቃሏን ታውቃላችሁ። ወንዛዬ ሄደን ፍል ውሃ እንታጠብ ስትሏትም «እሱስ ባልከፋ» ብላ እዚያው ድስቶቿ መሀል ትቀራለች።

ድንገት ጣቷ ስልኬ ላይ ቆመ። ታሮት የሚሉት ካርድ ነው፤ ፈረንጆች ዕድል የሚያዩበት። ሻጩ ዓይነት በዓይነት ደርድሮታል፤ ፀሐይና ጨረቃ ያለበት አለ፣ አበባ ያለበት አለ። የእሷ ጣት የቆመበት ግን ሙሉው የተረት ስዕል ነው። ዘውድ የጫነ እንቁራሪት፣ ጫካ ውስጥ ከተኩላ ጋር የምታወራ ልጅ፣ ግንብ ላይ ሆና ፀጉሯን የምታበጥር ሴት።

«ይኸን ግዥልኝ።»

«አብደሻል? ይኼ እኮ ጥንቆላ ነው!»

«ተረት አይደለ እንዴ? ተረት ደግሞ ምን ኃጢአት አለው?»

«ካርድ ሳትይዥ የሚሉሽ አንሶሽ ነው?»

ሳቀች። ጥርሷን ሸፈነች። «ሲሉኝ የኖሩትን አንድ ቀን ብሆንላቸውስ?»

ቀልድ ነበር? እንጃ። ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። አበልጅ የመረጠችውን እምቢ አይባልምና አዘዝኩላት።

እኔ የማውቀው ካርዱን ይዛ ለልጄ ስታወራላት ነው። ከካርዱ ጋር የመጣው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም ገልጦት አያውቅም። እንቁራሪቱን ታነሳና «ይኸ የእኛው ሀገር ነው» ትላታለች። «ሩዝ የሚባል ነገር ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆነለት። ከእንግዲህ ፎገራ የእኔ ናት ብሎ ነገሠ። ግብር የሚያገባለትም ቢንቢ ነው።» ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። ካርዱ ከዚህ ሌላ ሥራ ያለው አልመሰለኝም ነበር።

ዛሬ ቁሐር ሚካኤል ቀበርናት። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጎረቤቷ መጥታ አቀፈችኝ። ስሟን አልጠራም። ልጇን ከየሺ ዓይን ስትሸሽግ በዓይኔ ያየኋት ሴት ናት።

«ካርዱን ማን ወሰደው?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ።

«የምን ካርድ?»

«ለእኔ እኮ ታይልኝ ነበር። ለብዙዎቻችን።»

«ምን አየችልሽ?»

«አረብ ሀገር ያለችው ልጄ ትደውላለች አለችኝ።»

«ደወለች?»

«ኧረ አልደወለችም። ግን እዚያ ግንብ ላይ ያለችውን አሳይታኝ፣ ‹ይችትና፣ ፀጉሯን እያበጠረች ነው፣ ደህና ናት› ስትለኝ እህል ይወርድልኝ ነበር። በሩን ዘጋ እናደርግና ቆሎ ታቀርብልናለች። እየበላን ስንጫወት እንውላለን።»

ቆሎ? የሺ ቤት? በላችሁ?

ልደሰት ወይስ ልቆጣ አላወቅሁም። የሺ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ሰው ቤቷ ገብቶ አንድ ነገር እንዲቀምስላት ነበር። ለዚያ ነው እንዴ ካርዱን የፈለገችው? ወይስ እንዲህ ይሆናል ብላ ሳታስበው ነው የመጡት? የምትነግረኝ እሷ ነበረች፤ እሷን ደግሞ አሁን ቀብሬ መምጣቴ ነው።

ስወጣ እህቷ ካርዱን በሻሽ ጠቅልላ በጓሮ በኩል ሰጠችኝ። «ቄሶቹ ሳያዩት ውሰጅው። ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ለሁላችሁም እየተናገርኩ ነው። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ግን ሀገሬን አውቃታለሁ። ለቅሶው ሲበርድ «ድሮስ ጠንቋይ አልነበረች!» መባሉ አይቀርም፤ ቀድመው የሚሉትም ቆሎዋን የበሉት ናቸው።

ስለዚህ ከእኔ ስሙት። ካርዱን የገዛሁላት እኔ ነኝ። እሷ የመረጠችው ተረቱን ነው። ዕድል ታውቅ ነበር? እንጃ። ለማንም ክፉ አለመናገሯን ግን ያቺው ሴት እያለቀሰች ነግራኛለች። ኃጢአት ከሆነም የንስሐ አባቴን እጠይቃቸዋለሁ፤ ከየት እንደምጀምርላቸው ነው የጠፋኝ።

የሺዬ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው «ደህና ናት፣ ይመጣል፣ ይሻልሻል» ስትይ ኖረሽ፣ አንቺን ብርድ ብርድ ሲልሽ ማን አይዞሽ አለሽ? ምነው ብትጠሪኝ? ልጄ ከለቅሶው ከመጣሁ ጀምሮ «የሺስ?» እያለች ነው። እኔም ይኼው እጽፋለሁ።

ሂጂ እንግዲህ፣ አበልጄ። እዚያ በምትገቢበት ቤት፣ ያቀረብሽውን በሩን ሳይዘጋ የሚበላልሽ ሰው ይስጥሽ።